ዶሮ የሰፈረባት ማሽን

ህይወት ቦንጋ ከተማ ባለ አንድ አነስተኛ የእርሻ መሣሪያዎች ማዕከል ውስጥ ስትቀጠር ከወጣቶቹ ባለሙያዎች መካከል ብቸኛዋ ሴት መሐንዲስ ነበረች። ስድስት ዓመት ሆናት። በእነዚህ ዓመታት ስብሰባ በተጠራ ቁጥር አንዱ ይነሳና «ቃለ ጉባኤውን ህይወት ትያዝልን፤ ጽሕፈቷ ያምራል» ይላል። ትይዛለች። የሌላውን ሐሳብ አሳምራ ስትጽፍ፣ የራሷን ሳትናገር ስብሰባው ያልቃል።

በጥር ወር በቃለ ጉባኤ የጻፈችው አንድ መስመር ግን ከአእምሮዋ አልወጣ አላት። ማዕከሉ ከሁለት ዓመት በፊት የእንሰት መፋቂያ ማሽን ሠርቶ ዋጫ አካባቢ ላሉ የሴቶች ማኅበራት አከፋፍሎ ነበር። ዓላማው መልካም ነው። ለቆጮ የሚሆነውን እንሰት መፋቅ ወገብ የሚሰብር ሥራ ነው፤ ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ እንሰቱን ጣውላ ላይ በእግራቸው ደግፈው፣ በቀርከሃ መፋቂያ ሲገፉት ይውላሉ። ማሽኖቹ ከዚህ ድካም ይገላግላሉ ተብሎ ነበር። አሁን ግን አንዱም አይሠራም። በስብሰባው የቀረበው ሪፖርት ምክንያቱን እንዲህ ብሎ ዘጋው፦ «ሴቶቹ አዲስ ቴክኖሎጂ የመቀበል ፍላጎታቸው ዝቅተኛ ነው።»

በስብሰባው ማግስት ጠዋት ወደ ክፍል ኃላፊዋ፣ ወደ እትዬ በዛወርቅ ቢሮ ገባች። እትዬ በዛወርቅ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር የቀራቸው ሴት ናቸው።

«ዋጫ ሄጄ ማሽኖቹን ልያቸው» አለቻቸው።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው እኔ ልኬሻለሁ» አሉና የመስክ ፎርሙን ፈረሙላት።

እስከ ዋጫ በሚኒባስ፣ ከዚያ መንገዱ እስኪያልቅ በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሯ ሄደች። የማኅበሩ ሊቀመንበር እትዬ አሰለፈች ግቢያቸው በር ላይ ቆመው ተቀበሏት። ማሽኗ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ቆማለች። እንሰቱ በሚገባበት አፏ ውስጥ አንዲት ቀይ ዶሮ ተኝታለች።

«አትሠራም ማለት ነው?» አለች ህይወት።

«ኧረ ትሠራለች! ባለፈው ዘጠኝ ጫጩት ፈልፍላልናለች» አሉ እትዬ አሰለፈች። ዶሮዋን በክብር አንስተው መሬት ላይ አስቀመጧት። «በይ፣ ከቢሮ የመጣሽ ነሽና አስነሺያት።»

ህይወት የሞተሩን ገመድ ሳበች። አልተነሳም። ደግማ ሳበች። በአምስተኛው ትከሻዋን ይዛ ቆመች።

«እኛም እንዲሁ ነን» አሉ። «ወንድ እንጠራለን። ወንዱ ገበያ ከሄደ እንሰቱ ተቆርጦ ይከርማል። ከተነሳችም በኋላ አፏ ከደረታችን በላይ ነው፤ ድንጋይ ላይ ቆመን ነው የምናጎርሳት። አንድ ቀን ፍሬ የምትባል የጎረቤቴ ልጅ ከድንጋዩ ተንሸራታ እጇ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ማን ይንካት?»

ከዚያ የራሳቸውን የቀርከሃ መፋቂያ አምጥተው በህይወት መዳፍ ላይ ጎተቱት። አይቆርጥም።

«አየሽ? ይሄ ይገፋል እንጂ አይቆርጥም። ለቆጮ የሚሆነው ልሙ ይወርዳል፣ ቃጫው ሳይበጠስ ይቀራል። የእናንተ ብረት ግን ቃጫውን ይከትፈዋል። ቃጫውን ገመድ ልንሠራበት አንችልም፤ ቆጮውም ፀጉር የገባበት ይመስላል። ማን ይበላዋል?»

«ይህን ለማንም አልተናገራችሁም?»

«ሁለት ሰዎች መጥተው ነበር። ባለቤቴን አነጋግረው ሄዱ።»

ህይወት ሁለት ቀን ሰነበተች። መሬት ላይ ተቀምጣ ስትፍቅ መዳፏ ውሃ ቋጠረ፤ ሴቶቹም በአካባቢው ቋንቋ በካፊኖኖ እየተቀባበሉ ሳቁባት። ልጅ ሆና ከገበያ የለቃቀመችው ካፊኖኖ ስለ እሷ የሚባለውን ለመረዳት በቂ ነበርና አብራ ሳቀች። ሜትር አውጥታ የሃያ ሦስት ሴቶችን ቁመት፣ የክንድና የእግር ርዝመት ለካች። ማሽኗን ሲሠሩ ይህን የለካ አልነበረም።

ቦንጋ ስትመለስ መጀመሪያ የነገረችው ለባልደረባዋ ለአብነት ነው። ማሽኗን የነደፈው እሱ ነበር። ሰምቷት ሲያበቃ «ሁለት ዓመት የደከምኩበትን በሁለት ቀን አፈረስሽው?» ብሎ ጥሏት ወጣ። ህይወት አዘነች። አብነት ክፉ ሰው አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱ ስትገባ ብየዳ ያስተማራት እሱ ነው።

«የሚመጣው የማዕከሉ ግምገማ ላይ ባልናገርስ?» አለቻቸው እትዬ በዛወርቅን። «በጽሑፍ ባስገባው ይበቃል።»

እትዬ በዛወርቅ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ በአንቺ ዕድሜ አንድ የማር ማጣሪያ ሠርቼ ነበር። በጽሑፍ አስገባሁት። ከዓመት በኋላ ሌላ ሰው በራሱ ስም ሲያቀርበው እዚያው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ አጨበጨብኩ። እስካሁን ያናድደኛል። ተናገሪ።»

ግምገማው የዞን እንግዶች የተገኙበት ነበር። የማዕከሉ ዳይሬክተር ዶክተር ኤርምያስ ገና ስብሰባውን ሲከፍቱ እንደተለመደው «ቃለ ጉባኤ...» ብለው ወደ ህይወት ዞሩ። እትዬ በዛወርቅ ከተቀመጡበት ተነሥተው ደብተሩን ከፊቷ ወሰዱ።

«ዛሬ እኔ እይዛለሁ። ህይወት የምታቀርበው አላት።»

«እርስዎ ኃላፊ ነዎት እኮ፣ እትዬ!»

«ቢሆንስ? እጄ ገና ይጽፋል።»

ህይወት ተነሣች። ስለ ገመዱ፣ ስለ ድንጋዩ፣ ስለተከተፈው ቃጫ ተናገረች። ከእንግዶቹ አንዱ እጁን አወጣ።

«መሣሪያው ከመለወጡ በፊት የሴቶቹ ግንዛቤ ላይ ቢሠራ አይሻልም?»

«ግንዛቤስ አላቸው» አለች ህይወት። «ሳንጠይቃቸው የሠራነው እኛ ነን። ሊያርሙን የሚችሉ ሴቶችን እንደማይገባቸው ቆጠርናቸው። ያንን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እንዲሰረዝ እጠይቃለሁ።»

ከኋላ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ፤ አብነት ነበር።

«ስለቱን የነደፍኩት እኔ ነኝ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ዋጫ የሄድኩት ለርክክቡ ቀን ብቻ ነው። ያለችው ትክክል ነው።»

ዶክተር ኤርምያስ ወደ ህይወት ዞሩ። «እሺ። አንድ ማሽን ሦስት ወር ውስጥ ተሻሽሎ ይሠራ። ህይወት ትምራው።»

«በደብዳቤ ይሁን» አሉ እትዬ በዛወርቅ ከደብተሩ ቀና ሳይሉ። «ሥልጣኑም፣ በጀቱም፣ መኪናውም ይጻፍበት።»

ሳቅ ሆነ። ደብዳቤው ግን በዚያው ሳምንት ወጣ።

ህይወት በመጀመሪያ ያደረገችው እትዬ አሰለፈችን በአማካሪነት፣ በአበል፣ ቦንጋ ማስመጣት ነበር። እትዬ አሰለፈች ብየዳ ቤቱ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው «አፏን ዝቅ አድርገው፤ ገና ነው፤ ትንሽ ዝቅ» እያሉ አብነትን ሲያዙት ዋሉ። ሞተሩ ወጥቶ በእግር የሚዞር ፔዳል ገባ፤ ስለቱም እንደ ቀርከሃው እንዲገፋ ጠርዙ ደነዘ። የመጀመሪያው ሙከራ አልሆነም፤ ሰንሰለቱ እየወለቀ አስቸገረ። ህይወት ያን ቀን ምሳ አልበላችም። አብነት ሰንሰለቱን ፈትቶ እንደገና ሲገጥም፣ እሷ የመዘውሩን ጥርስ ሞረደች፤ የሻከረው ነገር በመካከላቸው ለሰለሰ።

በግንቦት ማሽኗ እትዬ አሰለፈች ግቢ ተተከለች። ጡረታ የወጡት እትዬ በዛወርቅም ጃንጥላ ይዘው መጡ። ፔዳሉ ላይ የወጣችው ያቺ እጇ ለጥቂት የተረፈው ፍሬ ነበረች። መጀመሪያ ፈራ ተባ አለች፤ እትዬ አሰለፈች አጠገቧ ቆመው እንሰቱን ሲያጎርሱ ግን እግሯ በረታ። ልሙ ወደ ታች ወረደ፤ ከወዲያ በኩል ቃጫው ረጅም ሆኖ፣ ነጭ ሆኖ ወጣ። ሴቶቹ እየተቀባበሉ ጎተቱት፤ አልተበጠሰም። ግማሽ ቀን ይፈጅ የነበረው ሥራ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ አለቀ።

ዛሬ ህይወት የቡድን መሪ ናት፤ ሁለት ወጣት ሴት መሐንዲሶችም አብረዋት ይሠራሉ። እትዬ አሰለፈች የማዕከሉ አሠልጣኝ ሆነዋል። በቅርቡ ማንኪራ ቀበሌ ሥልጠና ሲጀምሩ፣ ህይወትና አብነት ማሽኗን ከመኪና አውርደው ሊያስረዱ ወደ ፊት ቀረቡ።

«እናንተ እዚያ ጥላው ሥር አረፍ በሉ» አሏቸው እትዬ አሰለፈች። ከዚያ ክብ ሠርተው ወደቆሙት ሴቶች ዞሩና በካፊኖኖ ጀመሩ፦ «መጀመሪያ ደህና አድርጋችሁ እዩዋት። ከዚያ የማይስማማችሁን ንገሩኝ።»