ሰባት ትንንሽ ካሬ

የልብ ምት መመዝገቢያ ማሽን ክፍል ውስጥ ስሠራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ያየሁትን ለታማሚ ተናግሬ አላውቅም፤ ማሽኑ የሚያወጣውን ወረቀት ቀድጄ ለዶክተሩ መስጠት ነው የእኔ ሥራ። ዛሬ ግን አልጋው ላይ የተኛችው የእህቴ ልጅ ናት።

ሚጢጢ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ጉልበቷ አበጠ፤ እሱ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷ ተነሣ። ዶክተሩ «ሩማቲክ ትኩሳት ይመስላል፤ ልቧን ነክቶት እንደሆነ እንይ» ብሎ ወደ እኔ ላካት።

«አክስቴ፣ ይነዝረኛል?» አለችኝ ሽቦዎቹን ደረቷ ላይ ስለጥፍ።

«አንቺን የሚነዝር ሽቦ ገና አልተሠራም። አርፈሽ ተኚ።»

ወረቀቱ መውጣት ጀመረ። በጤነኛ ልብ ከትንሹ ሞገድ መነሻ እስከ ትልቁ መነሻ ያለው ርቀት፣ ወረቀቱ ላይ ከታተሙት ትንንሽ ካሬዎች ከአምስት አያልፍም። ቆጠርኩ፤ ሰባት። መነጽሬን ጠርጌ እንደገና ቆጠርኩ። ያው ሰባት።

ወዲያው አንድ ነገር ትዝ አለኝና ነፍሴ መለስ አለች። የሥራ ባልደረባዬ አንዳንዴ የወረቀቱን ፍጥነት በእጥፍ ጨምራ ሳትመልሰው ትሄዳለች፤ ያኔ ሁሉም ነገር ተለጥጦ ይወጣል። በዚህ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል። ዛሬ ብቻ ረስታው ትሁን እንጂ ምሳ እጋብዛታለሁ አልኩ በሆዴ። ማሽኑን አየሁ። ፍጥነቱ ሃያ አምስት ይላል፣ ልክ እንደሚገባው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠንቃቃ በመሆኗ ተናደድኩባት።

ዶክተሩ መጥቶ ወረቀቱን አየ፤ ደረቷንም ደጋግሞ አዳመጠ። እህቴ የልጇን ጫማ ታቅፋ ቆማለች።

«ትኩሳቱ ነክቶት ልቧ ተቆጥቷል» አለ። «ዛሬውኑ ትተኛለች። የፔኒሲሊን መርፌም ለዓመታት ትወጋለች። ይህ የሚመጣው ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው፤ ጉልበቷ ከማበጡ ከሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ጉሮሮዋን አሟት ነበር?»

«አላስታውስም» አለች እህቴ፣ ወደ እኔ ሳትዞር።

በደንብ ታስታውሳለች። ያኔ «ሐኪም ቤት ልውሰዳት ወይ?» ብላ ስትደውልልኝ፣ «ጉሮሮውን የከረከረው ሁሉ ከመጣ ወረፋው የት ሊደርስ ነው? ማር በሎሚ ስጪያት» ብዬ የሳቅሁባት እኔ ነኝ። አሁን የዋሸችው አለቃዬ በሆነው ዶክተር ፊት እንዳልዋረድ ብላ ነው።

«አሟት ነበር» አልኩ። «አትውሰጃት ያልኳትም እኔ ነኝ።»

ዶክተሩ ካርዷ ላይ ጻፈው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ ትድናለች?» አለች እህቴ። ራሷን እንኳ ሲያማት ከእኔ በፊት ማንንም ጠይቃ አታውቅም። ይህን ግን የጠየቀችው ዶክተሩን ነበር።