የተዞረው ወንበር

ስህተቱን ያየሁት ሽማግሌዎቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ከቆሙ በኋላ ነው። የአዳራሹ ጽዳት የእኔ ሥራ ነው። ወለሉን ለማጠብ ያወጣኋቸውን ወንበሮች ስመልስ ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር የነበረብኝ የሟች ባሌን ወንበር ነበር፤ ከመስኮቱ በኩል አራተኛውን። እኔ ግን ከበሩ በኩል ቆጥሬ የሌላውን አባል፣ የግድግዳ ለሳኙን አዞርኩት።

በግንበኞች የወንድማማች ማኅበር ወንበሩ የሚዞረው የሞተ ሰው ብቻ ነው። የሚተካው እስኪገባ ማንም አይቀመጥበትም።

"ለሳኙም ሄደ?" አሉ ሰብሳቢው። የባሌ ወንበር ለልጃችን ሲባል ቀድሞ የተመለሰ መስሏቸዋል።

"ታሞ ነበር እኮ" አሉ ቀለም ቀቢው። "ለእኔ ግን ማንም አልነገረኝም።"

"አንተማ ቢነገርህስ መቼ ትሰማለህ? ጆሮህን ቀለም ደፍኖታል" አሏቸው ሰብሳቢው።

ማንም አልሳቀም። አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" ማለት ነበረብኝ። ግን ስብሰባ ከተጀመረ አባል ያልሆነ ሰው የበሩን ደፍ አያልፍም፤ እኔ ከደፉ ውጭ ቆሜያለሁ። ደግሞ ያን ቀን ልጄ በአባቱ ቦታ ሊገባ ነበር፤ አንድ ሰው ከተቃወመ ቀረ። በቁም ሰው የገደለች ሴት የወለደችውን ማን ይቀበላል? አፌን ያዝኩ። ልጄ አንድ ነው፤ ወንድም የለው፣ እህት የለው። እኔ ደግሞ ደረቴን የሚወጋኝ ነገር አለ። ሐኪሙ ምንም አይደለም ይላል፤ ሲያባብለኝ ነው። እኔ ስሞት በሩን የሚያንኳኳለት ሰው እንዲኖር ነበር የፈለግኩት።

ሰብሳቢው አዲስ አባል ሲገባ ሁሌ የሚነበበውን ወረቀት ከግድግዳው ላይ አውርደው ማንበብ ጀመሩ። ከስልሳ ዓመት በፊት አንድ ግንበኛ ከመወጣጫ ወድቆ ሞተ። ሁለት ዓመት አብረውት ድንጋይ ያቀበሉ አሥራ አንድ ሰዎች ቤቱ የት እንደሆነ አንዳቸውም አያውቁም። እናቱ የልጇን መቀበር የሰማችው በሳምንቱ ነው። ያኔ አሥራ አንዱ ተማማሉ፤ ከእንግዲህ ቤቱን የማናውቀው ወንድም አይኖረንም፣ ከቀረም ሳይመሽ በሩ ላይ እንገኛለን አሉ።

ያቺን እናት ሁሌ አስባታለሁ። ሳምንት ሙሉ ራቱን ከድና ጠብቃዋለች ማለት ነው።

"ልጁ ይግባ" አሉ ሰብሳቢው።

ወደ ኮሪደሩ ዞርኩ። ልጄ የተቀመጠበት አግዳሚ ባዶ ነው። መጸዳጃ ቤት የለም፣ መንገዱ ላይም የለም። ወይ ሸሽቷል፣ ወይ መኪና ገጭቶታል አልኩ።

"ፈርቶ ነው" አሉ ቀለም ቀቢው። "አባቱም የሠርጉ ቀን ጠፍቶ ነበር።"

ውሸታቸውን ነው። አረፈደ እንጂ አልጠፋም።

ሩብ ሰዓት ጠበቁት። ሰብሳቢው ወረቀቱን መልሰው ሊሰቅሉ ሲሉ የውጭው በር ተከፈተ። ልጄ ላብ በላብ ሆኖ ገባ። ክንዱን ተደግፈው፣ በፒጃማቸው ላይ ካፖርት የደረቡት ለሳኙ ናቸው።

"ጋሼ ሞቱ ሲሉ ሰማሁና ቤታቸው ሄድኩ" አለኝ። "ሾርባ ሲጠጡ አገኘኋቸው።"

ለሳኙ ደፉ ላይ ቆመው ወንበራቸውን አዩ።

"በቁሜ የቀበረኝ ማነው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።" ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም። "ቆጠራ ተሳስቼ ነው። በልጄ አይያዙብኝ።"

"አንቺስ ቆጠራ ነው የተሳሳትሽው።" ወደ ውስጥ ዞሩ። "እናንተስ? ሰባት ሰው ወንበሬን አየ። ቤቴ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ማን መጣ?"

"ጉልበታችን..." ብለው ጀመሩ ሰብሳቢው።

"ጉልበትማ እኔስ መቼ አለኝ?" ወንበራቸውን ራሳቸው አዙረው ተቀመጡበት። "ልጁን የሚቃወም አለ?"

አልነበረም።

በማኅበሩ ደንብ በሩን የሚቆልፈው መጨረሻ የገባ አባል ነው። ሽማግሌዎቹ እየተደጋገፉ ደረጃውን ሲወርዱ ቆጠርኳቸው። ይሄን ጊዜ በትክክል ቆጠርኩ፤ ስምንት። የሁሉም አድራሻ ልጄ ኪስ ውስጥ ነው። ወንድም ፈልጌለት ስምንት አባት አገኘሁለት። አንድ በአንድ የሚቀብራቸው እሱ ነው።

"ምን ሆንሽ እናቴ?"

"ደክሞኝ ነው።"

"ነገ በጠዋት ጋሼን አያቸዋለሁ። ሲያስሉ ነበር።"

"ካፖርትህን ልበስ" አልኩት።

በሩን ስቦ ቁልፉን ሁለቴ አዞረ። እጀታውን እኔም ሞከርኩት። ተቆልፏል።