ጋሼ ማን ነው፣ እትዬ ማን ናት?

እሙ እባላለሁ። በኮልፌ 18 ማዞሪያ ሰፈር እንደ እኔ የተበደለ ታናሽ ልጅ አለ ቢሏችሁ እንዳታምኑ። ሁለት ታላላቆች አሉኝ፤ በዛብህና አጸደ። መንታ ናቸው። ይህ ታሪክ ሲሆን ዐሥራ ሁለት ዓመታቸው ነበር፣ የሚጣሉትም በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማን ቀድሞ ወጣ?

ቀላል ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። እናታችን ያን ጊዜ ራሷን ስታ ስለነበር አታውቅም። አባታችን ጥሩነህ የአሰብ መስመር ሾፌር ነው፤ እነሱ ሲወለዱ ሚሌ ላይ ጎማ ይቀይር ነበር። አዋላጇ አሮጊት ደግሞ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በዛብህ ሲጠይቃቸው "አንተ ነህ"፣ አጸደ ስትጠይቃቸው "አንቺ ነሽ" እያሉ ከሁለቱም ቆሎ ሲቀበሉ ኖረው አረፉ።

ታላቁ ከታወቀ ታናሹ "ጋሼ" ወይም "እትዬ" ማለት አለበት። ያ ነው ችግሩ። በዛብህ "እትዬ" ከሚል ምላሱ ቢቆረጥ ይመርጣል፤ አጸደም እንደዚያው። በዚያ ዓመት ከጥምቀት ወዲህማ ጭራሽ ተኳርፈው የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ሆነ። ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ቁጭ ብለው፣ "እሙ፣ ያቺን ልጅ ጨው አቀብዪኝ ይልሻል በያት" ይለኛል። እሷም፣ "እሙ፣ ያንን ልጅ እጅህ ተሰብሯል ወይ በዪው" ትለኛለች። ስንት ጊዜ ጭንቅላታቸውን ከጭንቅላታቸው አጋጭቼ መገላገል አምሮኛል። እኔ ለሁለቱም ጋሼና እትዬ ስል ምላሴ አልተቆረጠም እኮ።

አሁን አንድ የቤት ምስጢር ልንገራችሁ። በአባታችን ወገን፣ በጎጃሞቹ በኩል፣ ምላሰ ጥቁር ነን። ከልባችን ተናደን ሰው ከሰደብን ስድቡ ይይዛል። የሚፈታውም የሰደበው ራሱ ብቻ ነው፤ የተሰደበውን ሰው በአክብሮት ስም ከልቡ መጥራት አለበት። አንድ ቀን እኔ በዛብህን "አንተ ጎመን" አልኩት። እናቴ ቢላዋ ይዛ ስትመጣ በዛብህ ሰፌድ ላይ በቅጠሉ ተዘርግቷል። "ጋሼ፣ ጋሼ" ብዬ በጩኸት አዳንኩት፤ አንድ ቅጠል ግን ጆሮው ውስጥ ቀርታ ነበር። ከዚያ በኋላ አባታችን እርስ በርስ እንዳንሰዳደብ አስማለን።

መሐላው የፈረሰው በ1976 ግንቦት፣ የሕዝብ ቆጠራ ዕለት ነው። እናታችን የቀበሌ ሱቅ የስኳር ወረፋ ይዛ ነበር። ቆጣሪው መምህር ገመቹ ቅጻቸውን ታቅፈው ገቡ፤ እናታችን እስክትመጣ ጊዜ እንዳይባክን የልጆቹን ስም ልያዝ አሉ። ቀጥለውም ያችን ክፉ ቃል ተናገሩ።

"ከታላቅ ጀምሩ።"

ሁለቱም እኩል "እኔ" አሉ። መምህሩ ላጲሳቸው ወድቆ ወንበር ስር ጎንበስ ብለው ሲፈልጉ ነገሩ ተካረረ። በዛብህ "አንቺ ለፍላፊ ቁራ" ሲል አጸደ "አንተ ግትር አህያ" አለች። አንድ ላይ ነው ያሉት፤ አንዱ ስድብ እንኳ ለሌላው ቦታ አለቀቀም።

መምህር ገመቹ ቀና ሲሉ አንድ ግራጫ አህያ ቅጹን ያሸታል፣ አንዲት ቁራ ሬዲዮኑ ላይ ቆማለች። ልጆቹ የት ሄዱ ብለው ጠየቁኝ። እነዚህ ናቸው አልኳቸው። በመንግሥት ሥራ እንዳልቀልድ አስጠነቀቁኝና ላጲሳቸውን መፈለግ ቀጠሉ።

እኔ መጀመሪያ አልደነገጥኩም። ሁለቱ ቃላት አፋቸው ላይ ደርሰዋላ። ቁራ የምትጮኸው "ጋ፣ ጋ" እያለች ነው፤ "ሼ" ብቻ ነው የቀራት። አህያውም ሲያናፋ "እ... ዬ፣ እ... ዬ" ይላል፤ መሃል ላይ አንዲት "ት" ብትገባለት አለቀ። ይህንኑ ነገርኳቸው። ወዲያው ገባቸው፤ ገብቷቸውም ቁራዋ ምንቃሯን፣ አህያው ጥርሱን ግጥም አደረጉ። እንዴት እንደተናደድኩ አትጠይቁኝ። በቀበሌው የሕፃናት ስብሰባ ሁሉም እኩል ነው ተብለን ስለነበር "ጓድ በዛብህ፣ ጓድ አጸደ" ብዬ ሞከርኩ። አህያው የግራ ፊት እግሩን ወደ ላይ አነሳ። ከዚያ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም።

ይኼኔ አባባ ባጫ በር ላይ ቆሙ። ከመናገሻ እንጨት በአህያ ጭነው እያመጡ የሚሸጡልን ደግ ሰው ናቸው። ጠዋት ቦሩ የሚባለው አህያቸው ጠፍቶባቸው ሰፈሩን ሲያስሱ ውለዋል።

"አንተ ቦሩ፣ ሰው ቤት ገብተህ ትቆጠራለህ?" አሉና ገመዱን ወንድሜ አንገት ላይ አጠለቁ።

ወንድሜ ነው አልኳቸው። እሳቸውም ቦሩን እንደ ወንድማቸው እንደሚወዱት ነገሩኝ። መምህር ገመቹን እንዲመሰክሩልኝ ለመንኳቸው፤ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አይተው አህያ የሚመዘገብበት ቦታ ስለሌለ አህያው የዚህ ቤት ሊሆን አይችልም ብለው ወሰኑ።

አባባ ባጫ እስከ ማዞሪያው ድረስ እየጎተቱ ወሰዱት። እኔ በሩጫ፣ ቁራዋ በአየር ተከተልን። እንጨታቸውን ሸጠው ስለነበር ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነው፤ ግማሽ ኩንታል ጨው በዛብህ ጀርባ ላይ ጫኑ። አንድ ባልዲ ውኃ ከቦኖ ለማምጣት ሦስት ጊዜ የሚያርፈው ወንድሜ ከጨዉ ክብደት ወደ አንድ ጎን ዘመመ። አሁን ነው የፈራሁት። በአስኮ መንገድ አልፎ መናገሻ ከገባ በኋላ ከዚያ ሁሉ አህያ መሃል ወንድሜን በምን እለየዋለሁ?

ቁራዋ የፌርማታው ምሰሶ ላይ አርፋ ነበር።

"እትዬ አጸደ፣ አንድ ቃል ነው" አልኳት።

ጀርባዋን ሰጠችኝ።

"ይወስዱታል እኮ። ማታ ለእማማ ምን እንላታለን?"

አባባ ባጫ በለሆሳስ "ሂድ" አሉና መታ አደረጉት። በዛብህ ሁለት እርምጃ ሄዶ ተንበረከከ። አላናፋም። አንገቱን አዙሮ ትልልቅ ዓይኖቹን ወደ ምሰሶው አነሳ፤ እንባ በአፍንጫው ላይ ይወርዳል። ቁራዋ ወደ ግራ አንድ እርምጃ ሄደች፣ ወደ ቀኝ አንድ። ከዚያ ተወርውራ በሁለቱ ጆሮዎቹ መካከል አረፈች።

"ጋ" አለች። "ጋ... ጋ..." ሰው መሰብሰብ ጀመረ። "ጋ... ሼ።"

ድምፅዋ የዛገ የቆርቆሮ በር ሲከፈት ይመስላል። አንድ ጊዜ ይበቃ ነበር፤ እሷ ግን "ጋሼ፣ ጋሼ በዛብህ" እያለች ደጋገመችው። እኔ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

በዛብህ ቁምጣውን እንደለበሰ፣ ገመድ አንገቱ ላይ፣ ጨው ጀርባው ላይ ሆኖ መንገዱ ላይ በደረቱ ተዘረጋ። አባባ ባጫ ረጅም ጊዜ አዩት። ካሰቡ በኋላም፣ "ልጄ፣ ካልከበደህ እስከ አስኮ ብቻ አድርስልኝ" አሉት። ደግነቱ እውነተኛው ቦሩ ከአንድ ኪዮስክ ጀርባ የሰልፍ መፈክር የተጻፈበትን ካርቶን እያኘከ ብቅ አለ።

በዛብህ ተነሥቶ ጨዉን ከፀጉሩ አራገፈ። ፊቱ ሁሉ ፈገግታ ሆነ።

"እሙ፣ ሰምተሻል አይደል? በሰው ፊት ነው ያለችው።"

አሁን ተራው የእሱ እንደሆነ ነገርኩት። ታላቅ ለታናሹ እትዬ አይልም ብሎ በምትኩ "አጹዬ" አላት። ቁራ ናት። "እህቴ" አላት። አሁንም ቁራ ናት። በዚህ መሃል የልኳንዳው ቤት ቁራዎች መጥተው የኪዮስኩ ጣራ ላይ ተሰበሰቡና ጠሯት። አጸደ ወደ እነሱ ዞረች። ክንፏን ዘረጋች፣ ትንሽ ከፍ አለች፣ መብረር የለመደች መሰለች። የበዛብህ ፈገግታ ጠፋ። እኔም "አንተ ድንጋይ" ልለው አፌን ከፍቼ ነበር።

"እትዬ!" ብሎ ጮኸ።

አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞረ። "እትዬ አጸደ፣ እባክሽ ውረጅ። አትሂጂብኝ።"

አጸደ ከአየር ላይ ወርዳ የጨዉ ጆንያ ላይ በቂጧ ዱብ አለች። ፀጉሯ ውስጥ ላባ አለ። 

"ከበደህ?" አለችው። በእኔ በኩል አይደለም፤ ለራሱ ነው ያለችው።

"በጣም" አላት።

ቤት ስንደርስ መምህር ገመቹ ላጲሳቸውን አግኝተው ይጠብቁን ነበር። እሺ፣ ታላቁ ማን ነው አሉ። በዛብህ ወደ አጸደ ጠቆመ፤ "እሷ ናት፣ እትዬ ናት" አለ። አጸደ ወደ እሱ ጠቆመች፤ "የለም፣ ጋሼ እሱ ነው" አለች። እሷ ነች፣ እሱ ነው ሲባባሉ ድምፃቸው ከፍ ከፍ አለ፤ በዛብህም "አንቺ ግት..." ብሎ ሲጀምር አፉን በእጄ ከደንኩት።

መምህር ገመቹ ትዕግሥታቸው አለቀ። ሌሎች ዐሥራ አራት ቤቶች ይቀሯቸዋል። ወደ እኔ ዞረው ስሜን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፉት። እሙ ጥሩነህ፣ የመጀመሪያ ልጅ፣ ዕድሜ ዐሥራ ሦስት። ገና ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ስለዚህ በመንግሥት ወረቀት የቤታችን ታላቅ እኔ ነኝ። እነዚያ ሁለቱ ግን እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ እትዬ ብለውኝ አያውቁም።