ያልተቀመሰ ጠጅ

አያልነሽ ጠጅ ስትቀዳ ቀድማ ራሷ ትቀምሳለች። ብርሌውን ዘንበል አድርጋ መዳፏ ላይ ጠብ ታደርግና ፉት ብላ ከዚያ በኋላ ነው ለእንግዳው የምታቀርበው። እናቷ እንደዚያ አስተምራታለች፤ ቀጂ ያልቀመሰውን ለሰው አያጠጣም። ናይሮቢ ዌስትላንድስ ውስጥ ምግብ ቤት ከከፈተች ወዲህም ፈረንጅ ይሁን ህንድ፣ ኪኩዩ ይሁን ሐበሻ፣ ሳትቀምስ የሰጠችው ሰው አልነበረም።

ይህችው ሴት ናት እንግዲህ በየቅዳሜው ለወንድሟ ገዳይ እየቀመሰች የምትቀዳው።

ሰውየው ኮሎኔል አርካዲ የሚባል ሩሲያዊ ነው። አገር ቤት ስምንት ዓመት የጦር አማካሪ ሆኖ ኖሮ፣ በሰማንያ መጨረሻ ላይ ወደ ናይሮቢ ተዛወረ። ካርዱ ላይ «የንግድ ጉዳይ» ተብሎ ተጽፏል። ሲያዋጋ የኖረ ሰው ስለ ንግድ ምን እንደሚያውቅ የላከው መንግሥት ይጠየቅ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጊጊሪ ካሉት የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤቶች እንግዳ ያስከትልና መስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ይቀመጣል። አማርኛው እንዲታይለት ጮክ ብሎ «እመቤት፣ ቅመሽ!» ይላታል። ወደ እንግዶቹ ዞሮም ኢትዮጵያውያን መርዝ እንደሌለው ለማሳየት እንዲህ ያደርጋሉ ብሎ በእንግሊዝኛ ያስረዳል። እነሱ ይስቃሉ። አያልነሽ መዳፏን ትልስና ወጥ ቤት ገብታ እጇን እስከ ክርኗ ትታጠባለች።

ማንነቱን የነገራት አስቻለው ነው። አስቻለው የወንድሟ የመቶ አለቃ ባንታየሁ ወታደር ነበር። ከጦሩ ጠፍቶ፣ በሞያሌ በኩል በነጋዴው በኑሬ መኪና ጌሾ ጆንያ መሀል ተኝቶ ናይሮቢ የደረሰ ዕለት፣ ኑሬ በቀጥታ ወደ እሷ አመጣው። የማን ጦር እንደነበረ ስትሰማ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። የባንታየሁን የመጨረሻ ቀን ያየ ዓይን አይደል? የጓሮውን ክፍል ሰጠችው፤ ወጥ ቤት ሥራ ሰጠችው፤ ለባንታየሁ ገዝታ መላኪያ ያጣችለትን ቡናማ የሱፍ ኮት ሳይቀር አለበሰችው። ልክ ነበር የሆነለት።

የነገራትም እንዲህ ነው። ሰሜን ላይ አማፂዎቹ የያዙት ተራራ ነበር፤ አማካሪው በቀን ይያዝ አለ። ባንታየሁ «በቀን ከሆነ ልጆቹን ማስፈጀት ነው፣ ሲመሽ ይሁን» ብሎ ለመነ። የሰማው የለም። ከወጣው ሰው ብዙው እዚያው ቀረ፤ ባንታየሁ የተረፉትን ይዞ ወረደ። በማግስቱ «ያለ ትእዛዝ አፈግፍጓል» ተባለና በገዛ ጦሩ ፊት ተረሸነ። ከመረሸኑ በፊት አዛዡ ወደ ፈረንጁ ዞር ብሎ አየ፤ ፈረንጁም አዎ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«አንተ የት ነበርክ?» አለችው ያኔ።

«ከኋላ ነበርኩ እትዬ። ከሩቅ ነው ያየሁት።»

ኮሎኔሉ መጀመሪያ ብቅ ያለ ቀን ታዲያ፣ አስቻለው በወጥ ቤቱ መስኮት አይቶት የያዘውን ትሪ ጣለ። «እትዬ፣ እሱ ነው። ራሱን የነቀነቀው ሰውዬ እሱ ነው።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውየው ሲመጣ አስቻለው ከወጥ ቤት አይወጣም። «ካየኝ አስይዞ ለደርግ ያስረክበኛል» ይላል። እውነት መስሎ ታያት፤ ለምን አይታያት?

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አያልነሽ ቤተ ክርስቲያን መሳም ተወች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው፤ እግዜርን ላታታልለው ምን አደከማት። ሌት ተቀን የሚታያት ያ የሚነቀነቅ ራስ ነበር። ምግብ ቤቷ ውስጥ ደግሞ የአገር ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ እነዚሁ የሩሲያ አማካሪዎች ነው። ሬዲዮው ሊወጡ ነው፣ እያወጡ ነው ይላል።

«በሰባው እነሱ ባይደርሱልን ሐረር ዛሬ የማን ነበረች?» ይላል ጋሽ ሐብተማርያም፤ ድሮ አስተማሪ የነበረ፣ ካልተከራከረ ምሳ የማይወርድለት ሽማግሌ። «የተጠላ ሰው ሥራም ቢሆን እውነቱ ይነገር።»

«እርስዎ በሬዲዮ ነው ጋሼ፣ እኔ እዚያው ሐረርጌ ነበርኩ» ይላል ኑሬ። «መጡ፣ ደረሱልን፤ አላህ ይስጣቸው። ጦሩ ሲያልቅ ለምን አልሄዱም? እንግዳ አንደኛ ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛ ቀን ብር፣ ሦስተኛ ቀን ብረት ነው። እነዚህኮ ዓመት ቆጠሩ! ሶማሌን ሊመክት የመጣው ታንክ ወደ ሰሜን ዞሮ የገዛ ሰዋችንን ፈጀ።»

«እንዲሁ ይውጡማ ከተባለ የእስከዛሬው ደም በከንቱ ሊቀር ነው?»

«በከንቱ ለፈሰሰው ሌላ ይጨመርበት ነው የሚሉት?»

«እኔ ወርቁንም ብሩንም አላውቅ» አለች አያልነሽ ሳህን እያነሳች። «መምጣታቸውም መሄዳቸውም ለእኔ አንድ ነው። አንዱ ግን ሳይከፍል አይሄድም።»



በዚያው ሳምንት ማታቱ የሚሉትን ታክሲ ተሳፍራ ሪቨር ሮድ ገበያ ወረደችና አንድ ቆርቆሮ የአይጥ መርዝ ገዛች። አስቻለው መደርደሪያው ላይ አየው።

«ለምንድን ነው እትዬ?»

«ለአይጥ።»

«ወጥ ቤታችን አይጥ የለም።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል።»

አስቻለው እግሯ ላይ ወደቀ። ትታሰሪያለሽ፣ ይመልሱሻል፣ ባንታየሁ ይህን አይወድም አላት። እሷ ግን «ባንታየሁ የሚወደውን እኔ ነኝ የማውቀው» ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ቅዳሜ ደረሰ። ጠጁ ከኪቱይ በመጣ ማር የተጣለ፣ የበሰለ፣ የወርቅ መልክ ያለው ነበር። አያልነሽ ቆርቆሮውን ከፈተች። ከፍታ ቆመች። ልቧ ራራ እንዳይባል፤ አልራራም። ግን ሰውን በማዕድ መግደል! እናቷ ከመቃብር ተነስታ ብትመጣ ለባንታየሁ ከምታለቅሰው በላይ ለዚህ ነበር የምታለቅሰው። በራሷ ተናደደች። ጥርሷን ነክሳ መርዙን ሽንት ቤት ደፋችው፤ ባዶውን ቆርቆሮ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ትታ፣ ጠጁን በጠርሙስ ይዛ ወጣች። አስቻለው ጓሮ ከሰል እያራገበ ነበር፤ ምንም አላየም።

ኮሎኔሉ ከጊጊሪ ካመጣቸው ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት ጋር ተቀምጧል። ሴትዮዋ ትጠይቀዋለች። ይህን ያህል ዓመት፣ ይህን ያህል ሰው፤ አሁን ጥላችሁ ልትወጡ ነው፣ የሚያስቆጭ አልነበረም? አያልነሽ እንግሊዝኛውን ትሰማለች።

«በፍጹም» አለ ኮሎኔሉ፣ ዳቦ እየቆረሰ። «የመጣነው ተጠርተን ነው። አንድ ሕዝብ ሲጠራህ መሄድ ግዴታ ነው፤ ከጀመርክ ደግሞ ትጨርሳለህ። ጥቂት ዓመት ቢጨመርልን ኖሮ እንጨርሰው ነበር። እርግጥ ዋጋ ተከፍሏል። ግን ታሪክ ያለ ዋጋ የለም።»

ዋጋ! የከፈለው ማን ሆነና። አያልነሽ ጠርሙሱን አነሳች። ብርሌውን ሞላች፤ መዳፏን ዘረጋች፤ መልሳ ጨበጠችው። ሳትቀምስ ከፊቱ አስቀመጠችለት። ሰውየው በታሪኩ ተጠምዶ «ቅመሽ» ማለቱን ረሳ። ብድግ አድርጎ እስከ አተላው ጨለጠው።

«ጣፈጠህ?» አለችው። እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ነበር የምትለው።

«በጣም!»

«አልቀመስኩትም።»

ኮሎኔሉ ፈገግ ሊል ጀምሮ ተወው። እጇን አየ፤ መዳፏ ደረቅ ነው።

«የመቶ አለቃ ባንታየሁ እህት ነኝ» አለችው። «ያን ተራራ በቀን ያስወጣኸው። ራስህን ነቅንቀህ ያስረሸንከው።»

ይህን ጊዜ ወጥ ቤቱ በር ተበረገደ። አስቻለው ባዶውን ቆርቆሮ ይዞ «እትዬ አያልነሽ! ምን አደረግሽ! አጠጣሽው?» እያለ እየጮኸ ወጣ። እንግዶቹ ተነስተው ወንበር ወደቀ። ኮሎኔሉ ቆርቆሮው ላይ የተሳለውን አይጥ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከቶ አስመለሰ፤ አልወጣልኝም ብሎ ደገመ። ያ ታሪክ ሲያስተምር የነበረ ሰው ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የአያልነሽን ቀሚስ ያዘ።

«እኔ አይደለሁም! እኔ አማካሪ ነኝ! ማማከር ብቻ!» አለ፤ አማርኛው እየተሰባበረበት። «ትእዛዝ የሰጠ አዛዡ ነው። የእናንተ አዛዥ!»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! አያልነሽ ቁልቁል እያየችው ልቧ ሲሞላ ተሰማት። ይህን ነበር የተራበችው። ደስ አላት፤ በጣም ደስ አላት።

ያኔ ሰውየው ቀና ሲል አስቻለውን አየው። አፍጥጦ አየው፤ ጣቱን ቀሰረበት።

«እሱ! እሱን ጠይቂው! የተኮሰ እሱ ነው! ከተኳሾቹ አንዱ እሱ ነበር፤ ከዚያ ሾፌሬ አደረግሁት!»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ ፍርሃት ከብቅልም ይብሳል። አያልነሽ ወደ አስቻለው ዞረች። ውሸት ነው እንዲላት ጠበቀች። አስቻለው ቆርቆሮውን እንደያዘ፣ በባንታየሁ ኮት ውስጥ ቆሞ አለቀሰ።

እሷ ወደ ኮሎኔሉ ተመለሰች። ከዚያው ጠርሙስ መዳፏ ላይ አፈሰሰችና ፊት ለፊቱ ሆና ጠጣችው።

«ጠጅ ነው። ምንም የለበትም» አለችው። «ፍርሃቱን ቅመሰው ብዬ ነው። ስምንት ዓመት ለሰው ልጅ ሞት ስትቀዳ አንድ ቀን አልቀመስክም። አሁን ከቤቴ ውጣ።»

በእንግዶቹ ተደግፎ ወጣ። ለፖሊስም ለማንም አልተናገረም፤ ከተናገረ ሌላውንም መናገር ሊኖርበት ነው። ከዚያ ወዲያ በዌስትላንድስ መንገድ ያየው የለም። ለጊጊሪዋ ሴትዮ ግን ጥያቄዋ ያለ ማብራሪያ ተመልሶላታል።

ቤቱ ባዶ ሲሆን አስቻለው ጠረጴዛው አጠገብ ተንበረከከ።

«ከጭፍራው መሀል አወጡኝ እትዬ። ካልተኮስክ አብረኸው ትቆማለህ አሉኝ። ባንታየሁ አየኝ። 'አይዞህ' አለኝ።»

«አይዞህ አለህ?»

«አዎ እትዬ። ግደይኝ፤ ወይም ሂድ በይኝ።»

ሂድ ብትለው ኖሮ ይቀለው ነበር። ቢሄድ ስደተኛው የሚበዛበት ኢስትሊ ሰፈር ገብቶ ከሕዝቡ መሀል ይጠፋና ለራሱም እየዋሸ ይረሳዋል። አያልነሽ ይህን አልሰጠችውም።

«ኮቱን አታውልቅ» አለችው። «ሥራህን ሥራ።»

ሰኞ ዕለት ሪቨር ሮድ ወርዳ ሌላ ሙሉ ቆርቆሮ መርዝ ገዛች። መደርደሪያው ላይ አስቻለው ሊያየው ከሚችልበት ቦታ አስቀመጠችው። ለአይጥ ነው አለችው፣ ሳይጠይቃት።

ከዚያ ወዲህ ለኑሬ፣ ለጋሽ ሐብተማርያም፣ ለማንም እንግዳ ስትቀዳ እንደ ድሮው ትቀምሳለች። ምሳ ሰዓት አልፎ ሠራተኛው ሲበላ ግን ለአስቻለው ብርሌውን ሞልታ ሳትቀምስ ከፊቱ ታስቀምጣለች። እሱ መደርደሪያውን ያያል፤ ከዚያ መዳፏን ያያል፤ ደረቅ ነው። እሷ እጇን አጣምራ ቆማ ትጠብቀዋለች። በየቀኑ ይጠጣዋል።