ረፋድ በአራት ሰዓት፣ ሰባተኛው ፎቅ

ክሊፎርድ ሃርግሪቭን የሰደበው ዴዝመንድ ፕሩወት ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በመጋቢት ሁለተኛው ማክሰኞ፣ መርከብ ላይ፣ ከሻይ አዳራሹ መስኮት ሥር። አሥራ ስምንት ሰው ሰምቷል፤ ክሊፎርድ ቆጥሯቸዋል።

ፕሩወት ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ነው። ያኔ የተሳፋሪዎቹን የትውውቅ ሻይ ያሰናዳው እሱ ነበር። ክሊፎርድ ከእንግሊዟ ግሪምስቢ ከተማ የመጣ የቧንቧ ሠራተኛ መሆኑን ሲነግረው፣ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ «እሰይ! የክፍሌ መታጠቢያ ውሃ አላሳልፍ ብሎኛል። ብስኩትህን ስትጨርስ ብቅ በልና እየው፤ መቼም መፍቻህን ትተህ አትመጣም» አለው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ይህንንስ በቻለው። ግን የገዛ ሚስቱ ቤሪል አብራ ሳቀች።

ቤሪል አምና ሞተች። ለምን እንደሳቀች ሳይጠይቃት ሞተች።

ለፕሩወት የሚሆነውን መልስ ያገኘው ነገሩ ካለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ፊቱን ሲላጭ ነው። «አርባ ዓመት የሰው ቆሻሻ ሳስተላልፍ ኖሬአለሁ፤ በአፍ ሲወጣ ያየሁት ግን ካንተ ነው።» ይህች ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ከምላሱ ሥር አስቀምጧት ኖረ።

ዘንድሮ ታዲያ ወደ ስፔን ለሚሄደው መርከብ ሲመዘገብ፣ የትውውቁን ሻይ እኔ አሰናዳለሁ ብሎ ተነሣ። ደንቡን ያውቃል፤ ተሳፋሪዎቹ ከመሳፈራቸው ከወራት በፊት በኢንተርኔት ይሰባሰባሉ፣ አንዱ አስተባባሪ ይሆናል፣ ሃያ አምስት ስም ካሟላ መርከቡ አዳራሽና ሻይ በነፃ ይሰጠዋል። ክሊፎርድ ትምህርቱን ያቋረጠው በአሥራ አምስት ዓመቱ ነው። በሁለት ጣት እየለቀመ ሰባት ወር ሙሉ ጻፈ። አንዱ ፊደሉን ሲያርመው፣ ሌላዋ ብስኩቱ ስኳር የሌለው ይሁን ስትለው፣ ዋጥ አድርጎ «እሺ» አለ። መጨረሻ ላይ በትልልቅ ፊደል እንዲህ ሲል ለጠፈ፦ «በመጀመሪያው የባሕር ቀን፣ ረፋድ በአራት ሰዓት፣ ሰባተኛው ፎቅ። በመርከቢቱ ሰዓት!»

ሠላሳ አንደኛ ሆኖ የተመዘገበው ዴዝመንድ ፕሩወት ነበር። «ደግ ሐሳብ ነው፣ ወዳጄ። እመጣለሁ» ብሏል። ክሊፎርድ ስሙን ደጋግሞ አነበበው። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ እሱ ጋባዥ ሆኖ በር ላይ ይቆማል፤ ያ ሰው እንግዳ ሆኖ እጁን ዘርግቶ ይመጣል። ያኔ መልሱን ይሰጠዋል።

በተሳፈሩ ዕለት አመሻሽ ላይ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ፣ ደረት ላይ የሚንጠለጠሉትን የስም ካርዶች በእጁ ጻፈ። የፕሩወትን ሁለት ጊዜ ቀዶ ጻፈው። ለንግግሩ ወረቀት ሲያጣ፣ በበሩ ሥር ያስገቡለትን የነገውን ፕሮግራም ገልብጦ ጀርባው ላይ «ክቡራን እንግዶቼ» ብሎ ጀመረ።

በማግሥቱ ንግግሩን ሲያጠና ቁርስ አልወረደም። ስልኩን እንደሆነ ባሕር ላይ ሒሳቡ ይንራል ሲሉት ገና ወደቡ ላይ አጥፍቶታል። ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ የካርዶቹን ሣጥን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ የእጅ ሰዓቱን እያየ ጠበቀ። ሩብ ጉዳይ ሲል ተነሣ።

ሰባተኛው ፎቅ ሲደርስ ከአዳራሹ ጫጫታ ይሰማል። ቀድመው መጡልኝ ብሎ ልቡ ሞቀ። ከዚያ ባዶውን የብስኩት ሳህን አየ። ሰዉ ሁሉ ስሙን ናፕኪን ላይ ጽፎ ደረቱ ላይ ለጥፏል። መሐል ላይ የቆመው ፕሩወት ነው።

«ክሊፍ!» አለች ግሌኒስ፣ ስኳር የሌለውን ብስኩት ያዘዘችው ሴትዮ። «የት ጠፋህ? የሆነ ነገር ሆነ ብለን ሰው ልንልክብህ ነበር እኮ!»

«ገና ሩብ ጉዳይ ነው» አለ ክሊፎርድ።

«ለስንት?»

«ለአራት።»

ወዲያው ከወደ ኋላ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ።

«ለአምስት ነው፣ ወዳጄ» አለ ፕሩወት። «ትናንት ሰዓታችሁን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት አዙሩ ብለው ጽፈው ሰጥተውን የለ? የስፔን ሰዓት! ፕሮግራሙን አላነበብከውም?»

የክሊፎርድ እጅ ወደ ኪሱ ገባ። ወረቀቱ እዚያው አለ፤ ባንድ ወገን ንግግሩ፣ በሌላው ያላነበበው።

«‹በመርከቢቱ ሰዓት!› ብሎ የጮኸብን ደግሞ ማን ነበር?» አለ ፕሩወት ወደ ሰዉ ዞሮ። «አይዞህ፣ እኔ አስተናግጄልሃለሁ፤ የለመድኩት ሥራ ነው። በሉ ለጋባዣችን አጨብጭቡለት፣ ለመሸኛው ደርሷል!»

አጨበጨቡ። ሳቁም።

«ተው እንግዲህ ዴዝ፣ ሰውየውን አታሳቅቀው» አለች ግሌኒስ። እሷም ግን አፏን በእጇ ይዛ ትስቅ ነበር፤ ዓይኗ አዝኗል። ክሊፎርድ ትክ ብሎ አያት። ቤሪልም ያን ዕለት አፏን በእጇ ይዛ ነበር። ዓይኗን ግን አላየውም፤ ሰው ሲቆጥር ነበር።

ፕሩወት ጠጋ አለው። «ይቅርታ አድርግልኝና፣ ከዚህ በፊት ተገናኝተን እናውቃለን? መልክህ አዲስ አልሆነብኝም። ሥራህ ምን ነበር?»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። መልሷ ከምላሱ ሥር ተነሥታ እስከ ጥርሱ መጣች። ሰውየው ፈገግ ብሎ ይጠብቃል፤ ከልቡ ነው የጠየቀው። ክሊፎርድ ሣጥኑን ከባዶው ሳህን አጠገብ አስቀመጠ። ከላይ ያለው ካርድ የፕሩወት ነበር፤ ከሁሉም ያማረው።

«ክሊፍ? ወዴት ነው? ሻይ እኮ አልጠጣህም!» አለች ግሌኒስ።

መርከቢቱ ቀስ ብላ ዘመመች። ክሊፎርድ የኮሪደሩን መደገፊያ ጨብጦ፣ መልሷን ከምላሱ ሥር እንደያዘ፣ እየራቀ ሄደ።