የመሳቢያው ቀንድ አውጣዎች

ልብስ ሰፊዋ መቀስ ፍለጋ እጇን ወደ ስፌት መኪናው መሳቢያ ብትሰድ ቀዝቃዛና የሚያሙለጨልጭ ነገር ነካችና ክው አለች። ጎትታ ስታየው መሳቢያው በቀንድ አውጣ ተሞልቷል። ውሃ የጠገበ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተነጥፎላቸዋል፤ አንዱማ ክሯ ላይ ወጥቶ ይንጎራደዳል።

"ምንድን ነው ይሄ ጉድ?"

ትንሿ ልጇ ከአልጋው ጥግ ብቅ አለች። ጉንዳን ስትከተል የምትውል፣ የተገለበጠ ጢንዚዛ ካየች በስንጥር ሳታቀና የማታልፍ ልጅ ናት፤ እናቷ "የትል አበልጅ" ትላታለች።

"ቀስ እማዬ፣ ይደነግጣሉ! እትዬ ሰላጣዬን በሉብኝ ብለው ባልዲ ውስጥ ለቅመዋቸው ነው። ጨው ሊያደርጉባቸው። ጨው እኮ ያቀልጣቸዋል!"

"እና ከአከራያችን ሰርቀሽ አመጣሽልኝ? የሰው ቤት መሆኑን ረሳሽው?"

"እነሱ ግን ቤታቸውን ተሸክመው ነው የሚሄዱት። ማንም ልቀቁ አይላቸውም።"

"የታደሉ!" አለች እናትየው። ሳቅ ሊያመልጣት ሲል በሩ ተንኳኳ።

አከራይዋ በአንድ እጃቸው ባዶ ባልዲ፣ በሌላው ጨው የሞላ ሳህን ይዘው ቆመዋል። ዐይናቸው ቀጥታ መሳቢያው ላይ አረፈ።

"ጠርጥሬ ነበር! አትክልቴን የምታስጨርሰው ያንቺ ልጅ ናት ለካ።"

"ይቅር ይበሉኝ እትዬ፣ ልጅ ናት።"

"ልጅ ያላት ተከራይ አልፈልግም እያልኩ አሳዝነሽኝ አስገባሁሽ። በይ መልሻቸው። ጨዉን ራሷ ትጨምር፤ ሁለተኛ አይለምዳትም። እምቢ ካለች ሌላ ቤት ፈልጉ።"

ሌላ ቤት! ይህቺን ክፍል ያገኘችው "ልጅ አለሽ?" እየተባለች ከስንቱ ደጃፍ ከተመለሰች በኋላ ነው። ሴትዮዋን ጠላቻቸው፤ እሺ ማለቷ እንደማይቀር ስታውቅ ግን ራሷን የባሰ ጠላች። አንድ ባንድ እየለቀመች ወደ ባልዲው መለሰቻቸው። አንዱ ጣቷ ላይ ሙጭጭ ብሎ አልላቀቅ አላት።

ልጅቷ አላለቀሰችም። ሳህኑን ሲሰጧት ተቀበለችና እናቷን ቀና ብላ አየች።

"ካላደረግኩት ያስወጡናል፣ እማዬ?"

እናትየው ሳህኑን ከእጇ ወሰደችባት።

"አንቺ ግቢ። በሩንም ዝጊው።"

"እሷ ትጨምር ብያለሁ እኮ!" አሉ አከራይዋ።

"እሷ አትጨምርም፣ እትዬ። የምጨምረው እኔ ነኝ።"

ባልዲውን ይዛ ወጣች፤ ከኋላዋ ግን በሩ ሲዘጋ አልሰማችም። ልጇ እንዳታይ ባልዲውን በጀርባዋ ከልላ የበሩ ደፍ ላይ ተንበረከከችና ጨዉን ቀንድ አውጣዎቹ ላይ ገለበጠችው።