ኪስ ውስጥ የቀረው ማግኔት

"ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙሪ" አሏት ሳይራሽ አፓ። "የገባውን ሰው ማየት የኛ ሥራ አይደለም። የኛ ሥራ ማልቀስ ነው።"

ቤጊማይ ዞረች። ማልቀሱ ግን አልመጣላትም። ከሱፍ ድንኳኑ ግድግዳ ጋር ተፋጥጣ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአክስቷ ባል ጄዝዴ ቱሩስቤክ ሲመጣ ምን እንደምታደርገው። የፈላ ሻይ ትደፋበታለች። ወይም የመኪናውን ጎማ በሙሉ ታስተነፍስበታለች። ወይም ውሻውን ትለቅበታለች፣ ግን ውሻቸው እንግዳ ባየ ቁጥር ጅራቱን የሚቆላ የማይረባ ስለሆነ ይሄኛውን ሰረዘችው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በሕይወቷ ሰው እንዲህ ጠልታ አታውቅም፣ ጥላቻው ራሱ ልቧን እንደ ሰርግ ከበሮ እየደለቀው ነው።

ከመጋረጃው ጀርባ እህቷ ሴዚም ተኝታለች። የከብት ሐኪሟ ሴዚም፣ ሃያ አራት ዓመቷ፣ ሳቋ ከወንዝ ማዶ የሚሰማ። የገዛችው መኪና ክረምቱ እንኳን ሳያልቅ የዶሎን ቁልቁለት ላይ ለሁለት ተከፈለባት።

ከቤጊማይ ጎን አክስቷ፣ የእናቷ እህት አናርኩል ተቀምጣለች፣ ማታውን ከቢሽኬክ ብቻዋን የመጣች። "ጄዝዴሽ ነገ ይደርሳል" አለቻት በሹክሹክታ። "በግ ሊገዛ ብሎ ነው የቀረው።"

"ይምጣ" አለች ቤጊማይ። "በጣም ነው የምጠብቀው።"

አክስቷ ቀና ብላ አየቻትና ቶሎ ዓይኗን መለሰች።

ከኋላ ሁለት ጎረቤቶች ሻይ እየጠጡ፣ በዘይት የተጠበሰ ቦርሶካቸውን እየቆረሱ ያወራሉ።

"ፍጥነት ነው አሉ።"

"ማን አለ?"

"ቱሩስቤክ ራሱ ነዋ፣ ደውሎ። መንጃ ፈቃዷ ገና ቀለሙ አልደረቀም፤ ሴት ልጅ መሪ ስትይዝ እንዲህ ነው አለ።"

ቤጊማይ እጇ ውስጥ ያለውን መሐረብ ጨመቀችው። መሐረቡ ውስጥ ማግኔት አለ። ከሴዚም ካፖርት ኪስ ነው ያገኘችው፣ እንደተቋጠረ፣ ቋጠሮው አንዴም ሳይፈታ።

ያንን ቋጠሮ ያሰረችው ራሷ ቤጊማይ ነበረች።

ያኔ፣ መኪናዋን ከመግዛቷ በፊት፣ ሴዚም አገር ምድሩን ምክር ስትለምን ነው የከረመችው። በጥቅሉ ምክር ያልሰጣት ፈረሱ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን እረኞቹ ጋ ክትባት ይዛ ስትሄድበት የሚያኮርፍ ነበር። መካኒኩ የነገራትን፣ የመንዳት አስተማሪዋ የነገራትን፣ ወተት የሚያመላልሰው ሹፌር የነገራትን ሁሉ ማታ ማታ አልጋ ላይ ሆና ቤጊማይን ታስጠናታለች።

"ዝናብ ሲዘንብ መኪና እገዛለሁ?"

"አትገዢም። እርጥብ ቀለም ሁሉ ያምራል።"

"ሞተሩን አሙቆ የሚጠብቀኝ ሻጭስ?"

"ሌባ ነው። ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው የሚሰማው።"

"ጎበዝ። ማግኔቱስ?"

"ብረት ላይ ይለጠፋል። ስቱኮ ላይ ይወድቃል። ከወደቀ መኪናው ተጋጭቶ ነበር ማለት ነው፣ በስቱኮ ነው የተሞላው።"

ከዚያ ሴዚም ማግኔቱን ብድግ አድርጋ ቤጊማይ ግንባር ላይ ትለጥፈዋለች። ማግኔቱ ይወድቃል። "ወይኔ ጉዴ" ትላለች ሴዚም፣ "ይቺ ልጅ ኦሪጂናል አይደለችም፣ ተጋጭታ ነው የሸጡልን።" በየማታው ያው ቀልድ ነው፣ በየማታው ደግሞ ሁለቱም ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ይስቃሉ።

ከቢሽኬክ የመኪና ገበያ ስትመለስ ግን መኪናዋ ብርማ፣ የምታብረቀርቅ፣ በጣም ቆንጆ ነበረች። ቤጊማይ ዙሪያዋን ሦስት ጊዜ ሮጣ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ማግኔቱ ነበር።

"ማግኔቱን አስጠጋሽበት?"

ሴዚም ጓንቷን አወለቀች። "ሻጩ ጄዝዴ ነው እኮ። የራሱ መኪና ናት። 'ለልጄ የምሰጣትን ነው የሰጠሁሽ' እያለኝ እንዴት ብዬ ማግኔት ላውጣ? ሌባ ነህ እንደማለት አይሆንም?"

"እና አላወጣሽውም?"

"ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር" አለች ሴዚም። "እጄ ላብ በላብ እስኪሆን።"

ከአደጋው በኋላ መኪናዋን ፖሊሶች ጎትተው አምጥተው ከጋጣው ጀርባ ጣሏት። ቤጊማይ በለቅሶው የመጀመሪያ ቀን ሄዳ አየቻት። ከፊት ወንበሮቹ ጀርባ ነው የተቆረጠችው፣ ቀጥ ብላ፣ በቢላ እንደተቆረጠ ዳቦ። ጫፉ ላይ ብየዳው ያስታውቃል። የአንዷ መኪና ፊትና የሌላዋ መኪና ኋላ ተበይደው፣ በስቱኮ ተለስነው፣ ብርማ ተቀብተው ኖሯል። አባቷን እጁን ይዛ ወስዳ አሳየችው። አባቷ ብየዳውን ሲያይ ቆየና፣ "ሬሳ ሳይወጣ ጠብ አይነሳም" አላት። "ዘመድ ነው። አፍሽን ያዢ።" ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር።

በዚህ ምክንያት ነው ቤጊማይ የሻይ ውሃና የውሻ ሐሳብ ውስጥ የገባችው።

"ግጥሙን ያዝሽው?" አሏት ሳይራሽ አፓ። የመንደሩን ሴት ልጆች ሁሉ ሙሾ ያስተማሩ አሮጊት ናቸው። "ነገ የእናትሽ ወገን ሲመጣ አንቺ ነሽ የምታወርጂው። እናትሽ ድምጿ ተዘግቷል።"

"ምንድን ነው የምለው አፓ?"

"የምታውቂያትን እህትሽን። ምን ትወድ እንደነበር፣ ምን ታደርግ እንደነበር።"

"የፈለግኩትን?"

"የፈለግሽውን። ሙሾ የምታወርድን ሴት ንጉሥም ቢሆን አያቋርጣትም፣ አይቆጣትምም። የለቅሶ ቃል አይከሰስም።"

ቤጊማይ ቀስ ብላ ዞረች። "ማንም አያቋርጥም?"

"ፊትሽን ወደ ግድግዳው" አሏት ሳይራሽ አፓ።

ያን ሌሊት አልተኛችም። በደስታ ነው ያልተኛችው ቢባል ያሳፍራል፣ ግን ትንሽ እንደዚያ ነበር።

በማግስቱ ቱሩስቤክ መጣ። ከሩቅ ነው መምጣቱ የታወቀው፤ ወግ ነውና ወንዶቹ ከመንገዱ ጀምሮ እየጮሁ ነው የሚመጡት፣ የሱ ድምፅ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። "ልጄን ኦይ፣ የኔን ግልገል ፈረስ ኦይ" እያለ፣ በትር ተደግፈው በቆሙት ወንዶች መካከል አባቷ ትከሻ ላይ ተጠመጠመ። ከቆመው መኪናው ኋላ በጉ ይጮሃል። በለቅሶው መሃል "እኔ እኮ ቀስ ብለሽ ንጂ ብያት ነበር" ሲል ድንኳኑ ውስጥ ድረስ ተሰማ።

ሳይራሽ አፓ የቤጊማይን ጉልበት ነካ አደረጉ። "ጀምሪ።"

ቤጊማይ ድምጿ መጀመሪያ ቀጠነ፣ ከዚያ ወጣ።

"ሴዚም እህትዬ፣ መኪና ስትገዢ፣
ዝናብ ቀን አትሂጂ፣ ፀሐዩን ቀን ያዢ።"

አንዷ ጎረቤት ሻይዋን አስቀመጠች። አክስቷ አናርኩል የቤጊማይን ጭን ቆነጠጠች፣ በደንብ አድርጋ።

"ሞተሩን ስሚልኝ፣ ሳይሞቅ በማለዳ፣
ምንጣፉን ግለጪ፣ ይታይሽ ብየዳ።
ማግኔት አስጠጊበት፣ በሩ ላይ፣ ጎኑ ላይ፣
ስቱኮ ቀለም ለብሶ ብረት መስሎ እንዳይታይ።"

ውጪ ወንዶቹ ዝም ማለት ጀመሩ። ቱሩስቤክ ግን ገና እየጮኸ ነው፣ "ልጄን ኦይ" እያለ፣ ብቻውን። ቤጊማይ መሐረቡን ጨብጣ ሳንባዋ እስኪጠብ አየር ሳበች።

"ጄዝዴን ስታከብሪ፣ ማግኔት ኪስሽ ቀረ፣
ቅጥያ የሸጠልሽ ይሄ አልቃሽ ነበረ።"

ጩኸቱ ተቆረጠ። አሁን የሚሰማው በጉ ብቻ ነው።

አንዷ ስትጨርስ ጎኗ ያለችው ትቀበላለች፣ ተራው የአናርኩል ነው። ሁሉም ጠበቀ። ቤጊማይም ጠበቀች። ትሸፍንለታለች፣ ባሏ ነው፣ ምን ታድርግ። አናርኩል መቆንጠጧን አቁማለች፤ እጇ ግን ቤጊማይ ጭን ላይ እንዳለ ነው። ከዚያ በወፍራም፣ በተሰበረ ድምፅ ተቀበለች።

"ቀለም ሲቀቧት፣ በሩ ላይ ነበርኩኝ፣
ሻይ አቀረብኩ እንጂ፣ ለልጄ መች ነገርኩኝ።"

ቤጊማይ ይህንን አላሰበችውም። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀችው በቀል ሁሉ ወደ አንድ ሰው ብቻ የሚወረወር ነበር፣ ጎኗ ያለችው ላይም ያርፋል ብላ አልገመተችም። የድንኳኑን ግድግዳ ትታ የአክስቷን እጅ አየች።

ውጪ እጅ መታጠቢያው መጣ። ቤጊማይ ወግ ጥሳ በድንኳኑ ሱፍ ክፍተት አጮለቀች። አባቷ ማንቆርቆሪያውን ከሚያስታጥበው ሰው ተቀብሎ ራሱ ያፈስስ ጀመር፣ አንድ በአንድ፣ ለሽማግሌዎቹ፣ ለጎረቤቶቹ። ቱሩስቤክ ጋ ሲደርስ ቆመ። ቱሩስቤክ እጆቹን ዘርግቷል። አባቷ የማንቆርቆሪያውን አፍ ወደ ላይ ቀና አደረገና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

ደረቅ እጅ ይዞ ማዕድ አይቀረብም። ቱሩስቤክ ዙሪያውን አየ፣ ቆባቸውን ዝቅ አድርገው የቆሙትን ሁሉ። "ልጅ የዘፈነውን ታምናላችሁ?" አለ።

"ሚስትህም ልጅ ናት?" አለው አንድ ሽማግሌ።

በጉን መልሰው ጫኑለት። ሁለት ሰዎች ናቸው የያዙት፣ በጉ አልገባም ብሎ እየተራገጠ፣ የአንዱ የሱፍ ቆብ እስኪወድቅ። ቤጊማይ ለቅሶ ላይ ባትሆን ኖሮ በሳቅ ትፈርስ ነበር። ለሴዚም እንዴት አድርጋ እንደምትነግራት እያሰበች፣ የበጉን አረጋገጥ እንዴት እንደምታሳያት እያሰበች፣ ወደ መጋረጃው ዞረች።

ከዚያ ነው የመጣው፣ ሁለት ቀን ሙሉ እምቢ ያላት ለቅሶ።

በነጋታው ሴዚምን ወንዶቹ ተሸክመዋት ወጡ። ሴቶች መቃብር አይሄዱም። አናርኩል ባሏን ተከትላ አልሄደችም፤ ምድጃው ጋ ቁጭ ብላ ማንም ሳያዛት የሰውን ሁሉ ሳህን ታጥባለች። ቤጊማይ ሄዳ ጎኗ ቆመች። ልትሰድባት ነው የሄደችው። የደረቀ ፎጣ አቀበለቻትና ወጣች።

ከጋጣው ጀርባ ብርማዋ መኪና ፀሐይ ላይ ታበራለች፣ አሁንም ቆንጆ ናት። ቤጊማይ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው። ማግኔቱን በሩ ላይ አስጠጋችው። ወደቀ። ከጭቃው አንስታ በቀሚሷ ጠረገችው።

ከዚያ ግንባሯ ላይ ለጠፈችው፣ እንዳይወድቅ ደግሞ በመዳፏ ደግፋ ያዘችው።